አባቴ ዝም ያለበት በጋ

ባለፈው ወር አዘዞ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ጆንያ ዘርግታ የደረቀ ባሚያ ስትሸጥ አየሁ። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ ዘገንኩና አሸተትኩት። ገለባ ገለባ ይላል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ቆዳ፣ ትንሽም አቧራ። ሴትዮዋ «ከሱዳን የመጣ ነው፣ እዚያ ወይካ ይሉታል፤ ወጥ ያወፍራል» ብላ ልታስረዳኝ ስትጀምር፣ «አውቀዋለሁ» አልኳት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ በጋ ሙሉ እጄ የሚሸተው ይህንን ነበር።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነበርን፤ ሐጃ ዘሃራ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ። ሐጃ ትውልዳቸው ጎንደር ነው። ገና በወጣትነታቸው ከነጋዴ ባላቸው ጋር ተሻግረው እዚያው ቀሩ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላም ባሚያና ቅመም እየነገዱ ብቻቸውን ኖሩ። አማርኛቸው የኛው የጎንደሩ ነው፤ ሲናደዱና ሲራሩ ግን ዐረብኛው ይቀድማቸዋል። ለኛ ከግቢያቸው ጥግ አንዲት የጭቃ ክፍል ለቀቁልን። እኛ ማለት እማዬ፣ አባዬ፣ የአምስት ዓመቱ ወንድሜ ይርጋና እኔ ነን።

የመጣነው ከመተማ ወዲህ ካለች የሰሊጥ መንደር ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱን ሙሉ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ከረሙ። «እኛ» እና «እነሱ» የሚባል ነገር በዛ። እኔ «እነሱ» የሚባሉት ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ወርቁ ከ«እነሱ» መሆኑን የሰማሁት የሰሊጥ አጨዳ ሊጀመር ሲል ነው፤ አላመንኩም። ጋሼ ወርቁ በአጥራችን ቀዳዳ እጁን አሾልኮ ሸንኮራ የሚያቀብለን ሰው ነበር። ሙሉ የምትባለው ልጁ እኩያዬ ናት፤ ፀጉራችንን አንድ ቀን ነው የምንሠራው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ፣ እኔ ደጅ ላይ ይርጋን ስጠብቅ፣ ጋሼ ወርቁ ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«ስመኝ፣ አባትሽ የት ነው?»

«ሰሊጡ ጋ። ከወንዙ ማዶ ያለው።»

«ብቻውን ነው?»

«ብቻውን።»

ሌላ ምንም ሳይለኝ ዞሮ ሮጠ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከላይኛው ሰፈር ጭስ ተነሣ፤ ተኩስ ተሰማ። እማዬ ውኃውንም ዕቃውንም ጥላ እየጮኸች ደረሰች፤ ይርጋን አዘለች፣ እኔን በእጄ ጎተተችኝ፣ የያዝናት አንዲት የልብስ ጥቅል ብቻ ናት። የታችኛው መንገድ ላይ አባዬ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ተቀላቀለን። የሸሚዙ እጅጌ በደም ርሷል።

«ቆሰልክ?» አለችው እማዬ።

«የኔ አይደለም» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ጉብታው ላይ ስንደርስ ይርጋ በእማዬ ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ያይ ነበር። እኔም ዞርኩ። ቤታችን ከጣሪያው ጀምሮ ይነድዳል።

ድንበሩን በእግር ተሻግረን፣ ከጋላባት በማሽላ ጆንያ ላይ ተጭነን ገዳሪፍ ገባን። በዚያ ሁሉ መንገድ አባዬ አንድ ጊዜም ፊቴን አላየኝም። እኔም ምክንያቱን ያወቅሁ መሰለኝ። የት እንዳለ ለጋሼ ወርቁ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ያ ደም የሱ ነው፤ «የኔ አይደለም» ያለው እማዬን እንዳያስደነግጥ ነው፤ እኔን ግን አውቆብኛል። በዘጠኝ ዓመት አእምሮዬ ነገሩን እንዲህ ገጣጠምኩት፤ አንድም የሚጎድለው አልነበረም።

በሐጃ ግቢ ሥራ ተሰጠኝ። ባሚያው ጠዋት ይመጣል፤ ትልልቆቹ ይከትፉታል፤ እኔ ምንጣፍ ላይ እበትነዋለሁ፣ ፀሐይ ስትከርር አገላብጠዋለሁ፣ የጠቆረውን እለቅማለሁ። ፀጉሩ እጅ ያሳክካል፤ እጄ እስከ ክርኔ ቀላ። ሥራውን ወደድኩት። እጄ ሲያሳክከኝ ሌላውን አላስብም።

እማዬ ጥቅሏን አልፈታችም። ክፍላችን ግድግዳ ላይ ልብስ የሚሰቀልበት ሚስማር ነበረ፤ ባዶውን ከረመ። ልብስ ስትፈልግ ከጥቅሉ ትስባለች፣ ታጥባ አድርቃ መልሳ ታስራለች። ጫማችንን አውልቀን እንድንተኛ አትፈቅድም። ከግቢው በር አልፈን ከሄድን ደግሞ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ትጣራለች፤ ስንመለስ ትቆጣለች፤ ተቆጥታ ስታበቃ ታለቅሳለች። ጎንደር ውስጥ ያለች አክስቴ በስልክ «እንዴት ናችሁ?» ስትል ግን «ደህና ነን፣ ተመስገን» ትላለች።

አባዬ ግድግዳ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አያውቅም። ሥራ ሲያገኝ ይሸከማል፣ ያመጣውን ለእማዬ ይሰጣል፣ ይቀመጣል። ስንበላ እጁ ከእጄ ጋር ሰሃኑ ላይ ሲገናኝ የሱን ይሰበስባል። እኔም የኔን።

ይርጋ ደግሞ ጨዋታ ፈጠረ። ከማሽላ አገዳ ትንሽ ቤት ይሠራል። በጥንቃቄ ነው፤ ምሰሶ ያቆማል፣ ሣር ያለብሳል፣ በር ያበጃል። ከዚያ «እሳት! እሳት!» ብሎ በእርግጫ ያፈርሰዋል፤ ቁጭ ብሎም ያለቅሳል። ዕንባውን ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። እማዬ ማየት አትችልም። «ተው! አንተ ልጅ፣ ሟርተኛ!» ትለዋለች። እሱ ከግንቡ ጀርባ ሄዶ ይሠራል።

አንድ ቀን ከሐጃ ማጀት ክብሪት ወሰደ። ጭሱን ያየሁት እኔ ነኝ። የሠራው ቤት ይነድዳል፤ ነፋሱ እሳቱን ወደ ባሚያው ምንጣፍ ገፍቶታል። እየጮህኩ ውኃ ደፋሁበት። እማዬ ደረሰችና ይርጋን በያዘችው መጥበሻ ልትመታው ስትል፣ ሐጃ መሃል ገቡ። በሰባ ዓመታቸው እንዲያ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም።

«ኸላስ! በቃ! መጥበሻውን አስቀምጪ።»

«ግቢዎን ሊያቃጥል ነበር እኮ፣ ሐጃ!»

«ግቢው የኔ ነው። እኔ ልናገረው።»

አመዱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የለበሱት ነጭ ቶብ በጥላሸት ተበላሸ። ይርጋን አልያዙትም፤ ብቻ አጠገቡ ተቀመጡ። «በዚህ ቤት ውስጥ ማን ነበረ?» አሉት።

«ማንም።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታለቅሰው?»

ይርጋ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ለውሮ» አለ።

ውሮ ድመታችን ናት። ከእማዬ ጋር ተያየን። ከሸሸንበት ቀን ጀምሮ ማናችንም ስሟን አንሥተን አናውቅም፤ እንዲያውም ረስተናት ነበር። እሱ ግን በየቀኑ ቤት እየሠራ፣ በየቀኑ እሷን ውስጥ እየተወ ያቃጥላት ኖሯል።

ሐጃ አልሳቁም። «ድመት እኮ ሰው አይደለችም፣ በር አትጠብቅም» አሉት። «ሣር ቤት ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው፤ በግድግዳውና በጣሪያው መሃል ሾልካ ትወጣለች። እኔ አራት ድመት አሳድጌያለሁ።»

ይርጋ በማግስቱ በሠራው ቤት ላይ ከጣሪያው ሥር አንድ ቀዳዳ ተወ። ቤቱን ማፍረሱን አልተወም፤ ለቅሶውን ግን ተወ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከጎረቤት ሠርግ ነበር። ዓርብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ከበሮው ጠዋት ስለጀመረ ለምደነዋል፤ ሴቶቹ እልል ሲሉም ከግንቡ ላይ ተንጠልጥዬ አይ ነበር። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ አንድ ሰው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ተኮሰ። ደገመ። ሰለሰ።

እማዬ ይርጋን ይዛ አልጋው ሥር ነበረች። እኔ ከግንቡ ወድቄ ባሚያው መሃል ተኛሁ። ቀና ስል አባዬን አየሁት፤ የኋላውን ግንብ ዘልሎ ወረደ። ወደኛ አልመጣም። ዞሮም አላየንም። ብቻውን ሮጠ።

ተኩሱ ቆሞ፣ ሐጃ ሠርግ ቤቱ ሄደው በዐረብኛ ሲጮሁ ከግቢያችን ይሰማ ነበር። የሙሽራው አባት ትሪ ሙሉ ምግብ ይዞ ራሱ መጣ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «መዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ አላወቅንም» አለን። ምግቡን ማንም አልነካውም። አባዬን ሐጃና የሙሽራው አባት አብረው ፈለጉት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከከተማው ጫፍ፣ የታጨደ ማሽላ ማሳ ውስጥ፣ በሁለት እጁ ድንጋይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ አገኙት። ሐጃ እጁን እንደ ሕፃን ይዘው አመጡት። በመዳፉ ላይ የድንጋዩ ቅርጽ ታትሟል።

በማግስቱ ባሚያ ስንለቅም ሐጃ «ምን ሆነሻል? መልካሙን ትጥያለሽ፣ የጠቆረውን ታስቀሪያለሽ» አሉኝ።

«አባዬ የሸሸው ከኔ ነው» አልኳቸው።

«ከተኩሱ ነው እንጂ!»

«አይደለም። ከኔ ነው።»

ነገርኳቸው። ዱላውን፣ ላቡን፣ «ብቻውን ነው?» ያለኝን፣ «ብቻውን» ያልኩትን። ስጨርስ ሐጃ እጃቸው ባሚያው ላይ እንዳለ ቀረ። እንዲያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር፤ ወይም እንዲቆጡኝ።

«ይህ ለኔ የሚነገር አይደለም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ለአባትሽ ነው።»

«ይገድለኛል።»

«አይገድልሽም። እሱም አንድ ነገር ውጦ ተቀምጧል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከአንድ ሰሃን እየበላችሁ እንደማትተያዩ ግን አያለሁ። ዓይኔ ገና አልታወረም።»

ከሁለት ቀን በኋላ ሐጃ የግቢው የሣር ዳስ ጣሪያ ካልታደሰ አሉ። ዳሱ ምንም አልሆነም ነበር። አባዬን ከላይ ሰቀሉት፤ እኔን ከታች ገመድ አቀባይ አደረጉኝ፤ እሳቸው ሱቅ ሄዱ።

ከሥር ሆኜ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ፊቱ ስላልታየኝ ነው የደፈርኩት።

«አባዬ።»

«ገመድ አቀብዪኝ።»

«የት እንዳለህ ለጋሼ ወርቁ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ገመዱ እጄ ላይ ቀረ። ከላይ የሣሩ ኮሽታ ቆመ። እግሩ ወረደ፣ ወገቡ ወረደ፣ ከዚያ ፊቱ። እመታለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ያየኝ ነበር። በወር ከምናምን ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ ያየኝ ያን ጊዜ ነው።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

«እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«ስመኝ» አለ፤ ድምፁ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነበር። «ወርቁ ሊገድለኝ አልመጣም። ሊያስመልጠኝ ነው የመጣው።»

ከዚያ ነገረኝ፤ ለልጅ እንደሚነገር ሳይሆን፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ ሲያጭድ የሚሮጥ ሰው ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ወርቁን አየ፤ ዱላ ይዟል፣ ወደሱ ይሮጣል። ሳምንቱን ሁሉ የሰማውን ወሬ አሰበ። ጊዜ አልነበረም። ቀድሞ በማጭዱ መታው።

«እዚህ ጋ» አለኝ የራሱን ቀኝ ክንድ እየነካ። «ወደቀ። ደሙ እኔም ላይ ፈሰሰ። ወድቆ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹አንተ አየልኝ፣ ወደ ልጆችህ ሩጥ፤ ማሳ ማሳውን እየመጡ ነው፤ በታችኛው መንገድ አውጣቸው› አለኝ። ልጆችህ አለኝ። እኔም ትቼው ሮጥኩ። ደሙን እንኳ አላሰርኩለትም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የማታየኝ?»

«አንቺን ሳይ ሙሉ ትታየኛለች። ደጅ ላይ ቆማ አባቷን ስትጠብቅ።»

ያን ጊዜ የገባኝ ግማሹ ነው። ዋናው የገባኝ ጥፋቱ የኔ አለመሆኑ ነበር፤ እፎይ አልኩ። ጋሼ ወርቁ ሜዳ ላይ ወድቆ ቀርቶ እኔ እፎይ ማለቴ ብዙ ዘመን አሳፍሮኛል። ግን እውነቱ ይኸው ነው፤ ከላዬ ላይ ሸክም ወርዶልኝ እዚያው ዳሱ ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ እማዬ ከአባዬ ጎን ተቀምጣለች። ከክፍሉ ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሯል። ያ ደም የነካው ሸሚዝ ጭኗ ላይ ነው፤ አጥባው ደሙ አልለቅ ቢላት ከጥቅሉ ሥር ደብቃው ከርማለች።

«ሰው ገድለህ የመጣህ መስሎኝ ነበር» ትለዋለች። «ስለዚህ ነው ያልጠየቅኩህ። ብጠይቅህ አዎ ትለኛለህ ብዬ።»

«ገድዬው እንደሆነስ? አላውቅም እኮ።»

«እንግዲያው እንወቅ» አለች እማዬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ በየጠዋቱ የቀን ሠራተኞች የእርሻ መኪና ወደሚጠብቁበት አደባባይ መሄድ ጀመረ። የማሽላ አጨዳ ነው፤ ከኛ አገር በየቀኑ ሰው ይወርዳል። በመጀመሪያ ጥጉን ይዞ ከሩቅ ነበር የሚያየው፤ የኋላ ኋላ መሃል ገብቶ መጠየቅ ለመደ። «ወርቁ የሚባል፣ ቀይ፣ ረዥም፣ ክንዱ የተመታ» ይላል። ማን እንደመታው አይናገርም። አንዳንዱ ሞቷል አለው። አንዳንዱ «አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?» ብሎ ጠየቀው፤ ያን ቀን ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ዋለ። በማግስቱ ግን ሄደ። መሬት መሬቱን እያየ ይሄድ የነበረው አባዬ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ማውራት ጀመረ፤ ስለመኪናዎቹ፣ ስለማሽላው ዋጋ፣ ከጎጃም ስለመጣ አንድ ቀልደኛ። አንዴ እማዬ ሣቀች። እኔና ይርጋ ምን ነካት ብለን ተያየን።

ጥር ውስጥ ከአጎራባች መንደራችን የመጣ አንድ ሰው አገኘ። ወርቁ በሕይወት አለ። በዚያን ቀን ማሳው ውስጥ ያገኙት የገዛ ወገኖቹ ናቸው፤ ለማን ሊነግር እንደሮጠ ሲያውቁ የሱንም ቤት አቃጠሉት። አሁን ገንዳ ውኃ ከተማ፣ እህቱ ዘንድ ነው። ሰውየው የእህቱን ስልክ ቁጥር ሰጠው።

አባዬ ቁጥሩን ኪሱ ውስጥ አድርጎ አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን ምሳ ከበላን በኋላ ሐጃ ስልካቸውን አምጥተው ጉልበቱ ላይ አስቀመጡና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ደወለ። ያነሣው ጋሼ ወርቁ ራሱ ነው፤ ግቢው ጸጥ ስላለ ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

አባዬ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣውም። ስልኩን ለእማዬ ሊሰጣት ዘረጋ፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ለኔ ሰጠኝ።

«ጋሼ ወርቁ፣ ስመኝ ነኝ።»

በዚያኛው በኩል የዶሮ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ስመኝ የአየልኝ?»

«አዎ።»

«እናትሽ? ይርጋ?»

«ደህና ናቸው። አባዬም አለ። አጠገቤ ነው፤ ማውራት አቃተው። ሙሉስ?»

«አለች። አለች፣ ደህና ናት።» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻዋን ደጅ አትወጣም። ሰው ሲሮጥ ካየች ትንቀጠቀጣለች። እኔ ራሴ ከፊቷ መሮጥ ትቻለሁ፣ ዝናብም ቢመጣ ቀስ ብዬ ነው የምሄድ።»

«ክንድህ ዳነ?» አልኩት።

«ክንዴ ድኗል። ሁለቱ ጣቶቼ አይታጠፉልኝም እንጂ። ስሚ ስመኝ፣ አባትሽ ይሰማኛል?»

አባዬን አየሁት። ፊቱን በመዳፉ ይዟል፤ ጆሮውንም አብሮ ሸፍኖታል። «አይሰማህም» አልኩት።

«እንግዲያው አንቺ ንገሪው። እኔም ማጭድ ይዤ እሱ ወደኔ ሲሮጥ ባየው ኖሮ እመታው ነበር። እንደዚያ ነበርን ሁላችንም በይው። እመታው ነበር ብሏል በይው።»

የአባዬን እጅ ከጆሮው ላይ አነሣሁት።

«እኔም ብሆን እመታው ነበር ብሏል» አልኩት።

አባዬ ለረዥም ጊዜ አየኝ። «ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩለት። እንደገና ድገሚው አለኝ፤ እንደገና ደገምኩለት። ጋሼ ወርቁ በስልኩ ውስጥ ሆኖ ይሰማን ነበር፤ አልዘጋውም።